ያልተፈቀደ ፊት ካላት ተመልካች

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የስልክ መተግበሪያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ እና ለስልክዎ ባትሪ ጤና እየተመኘሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በክፍልዎ አጠራር «ደረጃ ሦስት፣ ተመልካች» ስሆን በቤታችን አጠራር ግን አያቴ ያሳደገችኝ ቀበጥ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት፣ አያቴ ጠያቂ በማይገባበት ክፍላችሁ ተኝታ ሳለ ከአልጋዋ አጠገብ ባለው ታብሌት ከእኛ ጋር የምትነጋገርበትን መተግበሪያ እንዴት አድርጋችሁ እንዳሻሻላችሁት ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ከማሻሻያው በፊት ማንኛችንም ደውለን እናናግራት ነበር። ይህ ሥርዓት የለሽነት ስላሳሰባችሁ ቤተሰቡን በደረጃ ከፋፈላችሁልን። ትልቁ አጎቴ «ዋና ቤተሰብ» ተብሎ የመደወያ ቁልፉ አረንጓዴ ሆነለት፤ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላኝ የእኔዋ ግራጫ ሆና ቀረች። አጎቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚንጎራደደው ሹመት እንደ ደረሰው ሰው ነው። ይሁንና ሹሙ መተግበሪያውን መክፈት ስለማይችል፣ ከሥራ ሲመለስ «አንቺ ልጅ፣ ነይማ ይቺን ነገር አብሪልኝ» ይለኛል። አበራለታለሁ፤ ካሜራው ፊቱን እንዲያውቀው አገጩን ቀና አደርግለታለሁ፤ ከዚያ መተግበሪያችሁ ሌላ ፊት ካየ ይቆጣልና እንደ ደረጃዬ ዞር እላለሁ።

ሁለተኛ፣ አያቴ ጆሮዋ ደክሟል። ሲጮሁባት ጭራሽ አይገባትም። ከንፈርን እያሳዩ፣ ድምፅን ዝቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያናግሯት፤ ይህንንም የተካንኩት እኔ ነኝ። አጎቴ ግን ግንባሩን ብቻ እያሳየ «እማዬ! በላሽ ወይ?» ብሎ ሲያምባርቅ ጎረቤት «በልተናል» ይለዋል፤ እሷ ግን «ምን አልክ አንተ ልጅ?» ትለዋለች። ወሬያቸው ከዚህ አልፎ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ተመልካችንም ያለ ድርሻ አልተዋችኋትም። የአያቴ ታብሌት ሲበራ ከስሟ ጎን አረንጓዴ ነጥብ እንዳይ ፈቅዳችሁልኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ነጥቧ ሁልጊዜ በርታ ነው የማገኛት። አያቴ የምመለስበትን ሰዓት ታውቃለች፤ ነርሷን ለምና አስበርታ ትጠብቀኛለች ማለት ነው። እኔም ግራጫዋን ቁልፍ እየነካሁ «ይህ አገልግሎት ለእርስዎ አልተፈቀደም» የሚለውን አነባለሁ። «እርስዎ» መባሌ ደስ ብሎኛል፤ እቤት ማንም እንዲህ አክብሮ ከልክሎኝ አያውቅም።

አራተኛው ስለ መጨረሻው ጥሪ ነው። ያን ምሽት አጎቴ ቢጮህ፣ ቢጮህ አያቴ አልሰማ አለችው። «ቀበጧ የት ሄደች? ተቀየመችኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። አጎቴ ሹመቱንም ደንባችሁንም ረስቶ፣ ዕንባው እየቀደመው «ይችውልሽ፣ እማዬ» ብሎ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ፊቷን አየሁት። ከስታለች። አፌን ልከፍት ስል መተግበሪያችሁ «ያልተፈቀደ ፊት ተገኝቷል» ብሎ ዘጋው፤ ለደኅንነታችን ሲባልም እስከ ማግስቱ ቆለፈው።

አያቴ ማግስቱን አልጠበቀችም።

አልተቀየምኩሽም ልላት ነበር። ሌላ ብዙ የምለው አልነበረኝም፤ የእናንተንም ጊዜ ባልወሰደ።

ክቡር ሆይ፣ ታካሚን ከማታውቀው ሰው መጠበቃችሁ ተገቢ መሆኑ ይገባኛል፤ ልጅ ብሆንም ያን ያህል አልሞኝም። የምለምነው፣ የማን ቁልፍ እንደሚበራ ስትወስኑ አንዴ ታካሚዋን ራሷን እንድትጠይቁልን ብቻ ነው። ከአያቴ ቀጥሎ ባለው አልጋ የተኙት እናት የልጅ ልጅ አላቸው። የአያቴን ዕቃ ልንወስድ የመጣን ቀን በራችሁ ላይ ቆሞ ግራጫ ቁልፍ ደጋግሞ ሲነካ አየሁት። የእሱ አያት ነጥብ ገና አልጠፋችም።

ይህን ስላነበቡ፣ ካነበቡ ማለቴ ነው፣ ከልብ የማመሰግንዎት፣
ዕድሜዋ ያልሞላ፣ ፊቷ ያልተፈቀደ፣ ታዛዥዎ
የደረጃ ሦስት ተመልካች

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከቀብር ስንመለስ «አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» የሚል መልእክት ከአምስት ኮከቦች ጋር በእኔም ስልክ ደረሰኝ። ደረጃ አይጠይቅም፤ ዕድሜ አይጠይቅም፤ ፊትም አይጠይቅም። ቁልፉ አረንጓዴ ነው።