ኦክቶፐሱ እኔ ነኝ ላሉት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር ሙንጂ በልካዲ፣ የራስ ዘይቱን ከተማ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የወንበርዎ ምቾትስ አልጎደለም? እኛ የወደቡ ሰፈር ወላጆች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቁጣዎ ካገኘን ወዲህ ከወትሮው ይልቅ ደህና ነን።

እኔ ወሲላ እባላለሁ፤ ከዓሣ ገበያው ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤትና የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ የዩስር እናት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ቢሮዎ የሚደርሰውን ደብዳቤ አንብቦ ከመመለስ ድካም ላሳርፍዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ክበባችንን ስለዘጉልን ላመሰግንዎ እወዳለሁ። መምህርት ሩዌይዳ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰብስባ፣ ከየወላጁ ለምና ባመጣቻቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች ፕሮግራሚንግ የምታስተምረው በአኒሜሽን ነበር። ልጆቹ ዓሣ ይሥላሉ፤ ከዚያ «ወደፊት ሂድ»፣ «ግድግዳ ከነካህ ተመለስ»፣ «ሲጠሩህ ብቅ በል» የሚሉ ትእዛዞችን እንደ ጡብ ደርድረው ዓሣውን ያስኬዱታል። ትእዛዙ ከተሳሳተ ዓሣው በጀርባው ይዋኛል፤ እነሱም ሥቀው ያርሙታል። ስሕተትን ሥቆ ማረም የሚባለው ይህ አደገኛ ልማድ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይዛመት በእንጭጩ ስለቀጩት ባለውለታችን ነዎት።

ሁለተኛው ጉዳይ ኦክቶፐሱ ነው። ልጄ ትንተባተባለች። ክፍል ውስጥ ስሟን ሲጠይቋት እንኳ መጀመሪያው ፊደል ላይ ትቆማለች፤ ልጆች ሲሥቁ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። አጎቷ ባሕር ውስጥ በሚያሰጥመው ማሰሮ የሚያጠምደውን ኦክቶፐስ የሣለችው እንግዲህ ይህችው ልጅ ናት። ዓሦቹ መጥተው «ስምህ ማን ነው?» ሲሉት፣ ኦክቶፐሱ ስምንት እጁን ሰብስቦ ማሰሮው ውስጥ ጥልቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ወጥቶ ስሙን የሚናገርበትን ድምፅ የሰጠችው ራሷ ናት፤ ቃሉን ደጋግማ እየቀዳች፣ የተያዘችበትን እየቆረጠች፣ የቀረውን እየቀጠለች።

ልጆቹ ሥራቸውን ለወላጆች ባሳዩበት የትዕይንት ዕለት ክቡርነትዎ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ኦክቶፐሱ እንደገና ማሰሮው ውስጥ ሲገባ፣ ከኋላ የተቀመጠው ዓሣ አጥማጁ ሐሱና «ኧረ እናንተ! ይሄማ የኛ ኃላፊ ነው! የልጆቹን መጸዳጃ ቤት ውኃ ልንጠይቀው በሄድን ቁጥር እንዲሁ አይደል እንዴ የሚገባው?» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። እርስዎ ግን ተነሥተው «ማነው ይሄን ያስጠናት? መብራት አብሩ!» አሉ። ሐሱናን ሁላችንም በቀልደኛነቱ እናውቀዋለን፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር። ቃሉን ያጸደቁለት እርስዎ ነዎት። የልጄ ኦክቶፐስም ስሙን ሳይናገር ማሰሮው ውስጥ ቀረ።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ስለተካሄደው ምርመራ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ከእናቷና ከመምህርቷ ጋር ቢሮዎ ድረስ መጠራቷ ለቤተሰባችን ትልቅ ክብር ነው። «ኦክቶፐሱ ማነው? ተናገሪ!» አሏት። ዩስር «እ... እ...» አለች። መምህርት ሩዌይዳ «ጌታዬ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጧት፣ ቃል ይይዛታል» ብትል፣ «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሏት። ልጄ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው። ፊቷ ቀላ፣ አንገቷ ተገታተረ፤ እኔም ልናገርላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«እ... እኔ ነኝ» አለች። «ኦ... ኦክቶፐሱ እኔ ነኝ።»

በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ይወጣዎታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ሰዓትዎን አዩና «ለማንኛውም ክበቡ ተዘግቷል፤ በምትኩ የእጅ ጽሕፈት ይማሩ» ብለው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፤ በሩንም ዘጉት። ዩስር በሩን ትክ ብላ አይታ፣ «እማዬ፣ ሰ... ሰውየውም ይፈራል እንዴ?» አለችኝ። መልሱን የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ልመልስላት አልደፈርኩም።

ውሳኔዎ ያመጣውን በረከትም ሳልነግርዎ ማለፍ ነውር ነው። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር የመረብ መጋዘኑን ለቆልን ክበቡ እዚያ ቀጥሏል። ሽታው አይጣል ነው፤ ልጆቹ ግን ከበፊቱ ይልቅ በርክተዋል፤ ምክንያቱም የተከለከለ ነገር የሚጣፍጥ መሆኑን በነጻ አስተዋውቀውልናል። ዩስር የኦክቶፐሱን ድምፅ እንደ አዲስ ቀዳችው። አሁን የተያዘችበትን ቆርጣ አልጣለችም። ባለፈው ዓርብ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሲታይ፣ ኦክቶፐሱ ከማሰሮው ወጥቶ ስሙን ለመናገር ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ያ ሁሉ ልጅ፣ ያ ሁሉ ዓሣ አጥማጅ፣ ሐሱና ሳይቀር፣ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀው። ሲጨርስ የተጨበጨበው ጭብጨባ ቢሮዎ ድረስ ተሰምቶ ዕረፍትዎን ነሥቶ ከሆነ እናዝናለን።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ በርዎ ሳይንኳኳ ረጅም ዕድሜ ይኖሩ ዘንድ ከልብ የምትመኝልዎ፣ በውለታዎ ብዛት ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሣ፣

ወሲላ ብን ረጀብ

ማሳሰቢያ፦ ልጆቹ አዲስ አኒሜሽን ሊጀምሩ እንስሳ እየመረጡ ነው። ኤሊ አሉ፣ በቀቀን አሉ፣ አህያም ተነሥቶ ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ አንዱ ወላጅ «ተዉ፣ ሰውየው ያኮርፋሉ» እያለ ሥራው ቆሟል። ስለዚህ የማይመስሉት እንስሳ ካለ፣ ክቡርነትዎ በቶሎ ቢያሳውቁን።