ጥሬው ይውጣ

መጋቢት 14

ወፏ ሞታለች።

ውድ የእህቴ ባል፣

ይህን የምጽፍልህ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ነው። ትልቁ ማተሚያ አጠገቤ እየሠራ ነው። አንተ ይኼኔ የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ ሱፍህን ለብሰህ እንግዳ ትቀበላለህ፤ በውድድሩ አንደኛ የወጣውን ፎቶህን ይዤ እስክመጣም በሩን በሩን ታያለህ። ስዘገይብህ ትደውላለህ። አላነሳም። ያኔ ራስህ ትመጣለህ፣ ደብዳቤውንም ማተሚያው ክዳን ላይ ታገኘዋለህ።

በፎቶ አንሺዎች ማኅበራችሁ ገጽ ላይ ወፏን የለጠፍክ ዕለት ሰው ሁሉ አበደ። ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ሸምበቆ ላይ ቀጥ ብላ፣ የጠዋት ፀሐይ ጀርባዋ ላይ። ላባዋ አንድ በአንድ ይለያል።

"ንስሩ፣ ወፏ ቀጠሮ ሰጥታህ ነበር እንዴ?" ብሎ ጻፈ የጥርስ ሐኪሙ። ንስሩ ነው የሚሉህ።

"ለእኔ ሚስቴም እንዲህ አትቆምልኝ" አለ አንዱ የባንክ ሠራተኛ።

አንተም መለስክለት፦ "ሁለቱም አያያዝ ነው፣ ወንድሜ።"

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሰብሳቢያችሁ፣ ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ እንደ ልማዳቸው በትልቁ ጻፉ፦ "ጥሬው ይውጣ!" ሕጋችሁ ነው። እጅ ያልነካው ቅጂ አብሮ ካልቀረበ የማንም ፎቶ ግድግዳ ላይ አይወጣም።

ድሮ አንዷን ፎቶ ራስህ መርጠህ ነበር የምትልክልኝ። እኔ ሰማዩን አጠራለሁ፣ ጥላውን አነሳለሁ፣ አንተ ትለጥፋለህ። ወፏን ከመለጠፍህ በፊት ግን ኮምፒውተርህ ተበላሸና ካርዱን ከካሜራው ነቅለህ እጄ ላይ አስቀመጥከው። አንቱ እያልክ። ሁልጊዜም አንቱ ነው የምትለኝ።

"እትዬ፣ እንዳትጠፋ ካሜራው ላይ የቆለፍኳትን ብቻ ያውጡልኝ። ትንሽ ያብሩልኝ። ሌላውን ይደምስሱት፣ ዝም ብሎ ሲያነሳ የነበረ ነው።"

እህቴ ከኋላህ ቆማለች። ክንዷ በጀሶ ታስሯል። "ሐይቁ ዳር ድንጋይ አዳልጧት ነው" አልከኝ፣ ማንም ሳይጠይቅህ። ከዚያ ለፍሬሙ መስታወት ልታስቆርጥ ወደ ጎረቤት ገባህ።

ካርዱን ከፈትኩት። እህቴ "ተይው" አላለችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

የመጀመሪያዎቹ ላይ እጇ ይታያል። ከሸምበቆው ሥር ሆና ወፏን ይዛለች። የወፏ እግር ለመብራት ሥራህ በምትይዘው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ታስሯል። አንዱ ክንፍ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ በተቆለፈችው ፎቶ ላይ እሱ በወዲያኛው ጎን ስለሆነ አይታይም፣ እጇም ወርዷል። ያቺ ናት አንደኛ የወጣችው። በሚቀጥለው እህቴ ሽቦውን እየፈታች ነው። ከዚያ በሚቀጥለው ወፏ ውሃው ላይ ናት። አልበረረችም።

ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስቀምጠህ በየጥቂት ሰከንዱ በራሱ እንዲያነሳ አድርገኸው ነበር። ማጥፋቱን ረሳኸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ አነሳው።

በአንዱ ፀጉሯን ይዘሃል። በአንዱ ጉልበትህ ጀርባዋ ላይ ነው። በአንዱ ክንዷ የሰው ክንድ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። በአንዱ ፊቷ ውሃ ውስጥ ነው። በሚቀጥለውም ውሃ ውስጥ ነው። በሚቀጥለውም። ከዚያ እሷ ጭቃው ላይ በጎኗ ተኝታለች፣ አንተ ሲጋራ ታቀጣጥላለህ። ሐይቁ ንቅንቅ አይልም። ኮረብታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርቅ መስሏል።

"ብርሃኑ ግን አያምርም?" አለች እህቴ።

ራሷ ተናግራ ራሷ ሳቀች። ወዲያው ጎኗን ያዘች። "ኧረ አታስቂኝ፣ ጎኔን።" እኔ አፌንም አልከፈትኩም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በምን ልንገርሽ? ስልኬን ወስዶታል። ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፋል።" ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። "እታለም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከውሃው አያወጣኝም።"

"ረጅም ሰዓት የሚወጣው መቼ ነው?"

"የኤግዚቢሽኑ ቀን።"

"እንግዲያው ያን ቀን እመጣለሁ። ይህንንስ ለሰው ላሳይ?"

ከጎረቤት መስታወቱ ሲቆረጥ ይሰማል።

"ፊቴን ቁረጪው" አለች። "እሱን አትንኪው።"

መስታወትህን ታቅፈህ ገባህ። "ምን ይዛችኋል፣ ጨዋታ?" አልክ።

"ስለ ብርሃን ነው" አልኩህ።

"ነይ እንሂድ" አልካት። መስታወቱን የወረቀት መቁረጫው ያለበት ጠረጴዛ ላይ አስደግፈህ በሌላው እጅህ የታሰረውን ክንዷን ያዝክ። በጀሶው በኩል። ከንፈሯ ነጣ።

አላየህም እንጂ የመቁረጫው እጀታ እጄ ውስጥ ነበር። መስታወቱን የያዘው እጅህ ስለቱ በሚወርድበት መስመር ላይ አርፏል፣ አራቱም ጣት። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር የሚበቃው። መቁረጫው ወፍራም ካርቶን ይበጥሳል፤ ለአጥንትም አይሰንፍም። ያልተጫንኩት አዝኜልህ እንዳይመስልህ። ያን ቀን ብቆርጥህ እኔ እታሰራለሁ፣ አንተ እጅህን ጠቅልለህ ቤትህ ትገባለህ፣ እሷም እዚያው አለች። በሩን የሚከፍትላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። አሁንም ግን ወረቀት በቆረጥኩ ቁጥር ጣቶችህ እዚያ አሉ።

የካርዱ ቅጂ ፖሊስ ጣቢያ ነው። መርማሪዋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳለፈች ስታይ ቆየችና ውሃው ጋ ስትደርስ ተነሥታ የቢሮዋን በር ዘጋች። "የመያዣ ትእዛዝ እስኪወጣ ታገሺ" አለችኝ። አልታገሥም። ለሰብሳቢያችሁም ጥሬውን ከነተከታዩ ልኬላቸዋለሁ፣ የእህቴን ፊት ቆርጬ። ሕጋችሁ ነው። መልስ አልጻፉልኝም፣ እንዳዩት ግን ምልክቱ መጥቷል። ምናልባት ይህን ስጽፍ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊትህ ቆመዋል።

ጎረቤቴ በያጁ የብረት መቁረጫ አውሶኛል። ክንድ ያህላል።

"ምን ልትቆርጪበት ነው?" አለኝ።

"ፎቶ።"

"የምን ፎቶ ነው እሱ፣ ሐውልት ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። "አጋዥ ከፈለግሽ መኪናዬን ላስነሳ" አለኝ። እንቢ አላልኩም፤ ውጭ ሞተሩ ይሰማኛል።

ስልኬ እየጠራ ነው። አንተ ነህ።

ፎቶህ በአንድ ሜትር ይታተም ብለህ ነበር፤ በአንድ ሜትር እየታተመ ነው። ወፏ ግን አይደለችም። ይህ ማተሚያ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ እስካሁን ሰማዩ ወጥቷል፣ ኮረብታው ወጥቷል። ምንም አላበራሁትም፣ ምንም አላጠራሁትም። ፊቷን ብቻ ቆርጫለሁ፤ ፀጉሯ ጡጫህ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። አሁን ግንባርህ እየመጣ ነው። ስትደርስ ዓይንህም ወጥቶ ይጠብቅሃል።

ወረቀቱ ወለል ነክቶ እንዳይጣጠፍ እስከ መጨረሻው ቆሜ መያዝ ነበረብኝ። ይጣጠፍ። የሱቁን በር ክፍት ትቼልህ ወጥቻለሁ፤ የአንተን በር ልቆርጥ ነው የምሄደው።

ከእንግዲህ አንቱ አትበለኝ።

እህቷ