ከበሩ አጠገብ የደፈንኩት ቀዳዳ

ታከለ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ በዚህ ጥቅምት ሁለት ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ቁሐር ሚካኤል መቃብርህ ላይ ቆሜ ልነግርህ የመጣሁት ነገር ነበረኝ። ዘመድ ሁሉ ከቦኝ ስለነበር ዋጥኩት። አራተኛ ክፍል ድረስ መማሬ ለዚህ ይሁነኝ ብዬ ዛሬ እጽፍልሃለሁ።

ቤታችን ቆሟል። ዳማዋ ላም ወልዳለች። የርብ ውሃ ዘንድሮ እስከ እርሻህ ድረስ ሞልቶ ተመለሰና ወንድምህ ጓያ ዘርቶበታል። እናትህ “የሺ ብቻዋን አትሁን” ብለው ከቁሐር መጥተው ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ባለወፍጮው በአንተ ቦታ ሞላ የሚባል ሰው ቀጥሯል። ሞላም እንዳንተው ፀሐይ ስትጠልቅ የወፍጮውን ሞተር ያስነሳል፣ በገበያው መንገድ ያለን ጥቂት ቤቶችም መብራት እናገኛለን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የሰውን ቤት ሽቦ ስትዘረጋ ዋናውን ማጥፊያ ሁልጊዜ ከደጅ፣ ሽቦው ከሚገባበት ከበሩ አጠገብ ነበር የምታደርገው። “ሽቦው ማጥፊያው ጋ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ስለዚህ ገና ሲገባ እዚያው ይገናኙ” ትል ነበር። ተራው የእኛ ቤት ሲደርስ ግን እኔ እምቢ አልኩህ። ያ የብረት ሳጥን እንግዳ በሚገባበት በር ላይ ተለጥፎ እንዲታይ አልፈለግሁም። ሰካራም ሁሉ እያለፈ ያጠፋብናልም አልኩ። አንተም ጠብ ስለማትወድ ጓዳ፣ ከአልጋችን ራስጌ አደረግህልኝ። ሽቦው ከበሩ በላይ ገብቶ፣ በቆርቆሮው ሥር የቤቱን ርዝመት ሙሉ ሄዶ ነው ማጥፊያው ጋ የሚደርሰው።

ነገሩ ግን አላስተኛህም። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሳትነግረኝ ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን መብሳት ጀምረህ አገኘሁህ። ጮኽኩብህ። መዶሻህን አስቀምጠህ ወጣህ። ሦስት ቀን ሳንነጋገር ሰነበትን፣ በአራተኛው ንዳድ ጣለህ፣ ከዚያ ወዲያ ራስህን የምታውቀው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ሳንታረቅ ሄድክብኝ።

አርባህ እንደወጣ ጭቃና ጭድ አቡክቼ ቀዳዳውን ደፈንኩት። ለጎረቤት ነፋስ ይገባል አልኩ። ውሸቴን ነው፣ ታከለ። ቀዳዳው እዚያ እያለ አንተ ልክ የነበርክ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ዝናቡና ነፋሱ መንገድ ላይ ያዘኝ። ሞተሩ ገና መነሳቱ ነው፣ በመስኮታችን መብራት ይታያል። በሩን ላንኳኳ ቆርቆሮውን ስመታ ነዘረኝና ጭቃው ላይ ወረወረኝ። ቀና ብዬ ሳይ ነፋሱ ያላቀቀው የጣሪያ ቆርቆሮ ከሥሩ በሚሄደው ሽቦህ ላይ ተቀምጦ ሰማያዊ እሳት ይተፋል። አሸንዳው ከጣሪያው ወርዶ በሩን ስለሚነካ በሩም ይነዝራል።

እናትህ ውስጥ ነበሩ። በሩ ሲንኳኳ ሰምተው “የሺ፣ መጣሁ!” ይላሉ።

“እማማ፣ በሩን እንዳይነኩ!” ብዬ ጮኽኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ማን ይሰማኛል? በጓሮ ዞሬ በድንጋይ የጓዳውን የእንጨት መስኮት ደበደብኩት። ተመለሱና ከፈቱልኝ።

“ምን ሆንሽ ልጄ?”

“መብራቱ በሩን ይዞታል። ከራስጌ ያለውን ማጥፊያ ወደ ታች ይሳቡት!”

ሳቡት። ቤቱ ጨለመ። “ጠፋ፣ በይ ነይ ልክፈትልሽ” አሉና ከመስኮቱ ዞሩ። እኔም አምኜ ወደ በሩ ልሮጥ ስል ቀና አልኩ። እሳቱ ጣሪያው ላይ አሁንም ይንጣጣል። እናትህ ያጠፉት ከማጥፊያው ወዲያ ያለውን ነበር። ከበሩ እስከ ጓዳ ያለውን ያን ረጅሙን ሽቦ ግን አንተ እንዳልከው ማንም ሊያጠፋው አይችልም።

እጄን በመስኮቱ አስገብቼ በጨለማ ስዳብስ የነጠላቸውን ጫፍ አገኘሁና ጎተትኳቸው። “እማማ፣ በሚካኤል ይዤዎታለሁ! አልጋው ላይ ይውጡ፣ እኔ እስክመጣ እግርዎ መሬት አይንካ!” ምን እንዳየሁ አላወቁም፣ ድምፄ ግን አስፈርቷቸው መሰለኝ ወጡ።

ከዚያ ወደ ወፍጮው ሮጥኩ። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ማጥፊያው ከደጅ ቢሆን ኖሮ በአንድ ክንድ ርቀት ነበር። ሞተሩ እየጮኸ ሞላ አልሰማኝ ቢል እጀጠባቡን ይዤ ጎተትኩት። “አጥፋው! እናቱ ውስጥ ናቸው!” የማን እናት እንደሆኑ እንኳ አልጠየቀኝም። አጠፋው። መብራት ያለን ቤቶች ሁሉ ጨለምን፣ ከየጠጅ ቤቱም ስድብ ተሰማ።

ስንመለስ በሩን ሞላ በደረቅ እንጨት ፈንቅሎ ከፈተው። እናትህ አልጋው ላይ እግራቸውን ሰብስበው ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግማሉ። እቅፋቸው ውስጥ ወድቄ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሞላ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ደጅ ሊያወጣ መጣ። ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ሲመታ ጭቃዬ ረገፈ። “ይሄን የጀመረው ሰው አለ” አለ። እናትህ አዩኝ። እዚያው ቆሜ ጠቡንም፣ ኩርፊያውንም፣ መድፈኔንም ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ። ሁለት ቀን ከእኔ ጋር እህል አልቀመሱም። ይሄዱብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

“በሕመሙ ጊዜ ሳስታምመው ነግሮኛል” አሉኝ። “‘እማ፣ የሺን ስለ ግድግዳው እንዳትቆጫት፣ ስድን ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ’ አለኝ። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ነው ዝም ያልኩት። ሁለት ዓመት አስጠበቅሽኝ፣ የከፋኝ እሱ ነው።”

ታከለ፣ እኔ ተቀይመኸኝ የሄድክ መስሎኝ ነበር። ያን ዕለት እስኪመሽ ሥራ የሚባል አልሠራሁም።

ዛሬ ሞላ ማጥፊያውን ወደ ደጅ ላውጣልዎ ቢላቸው፣ ከወፍጮው ፊት ለፊት ያሉት ጠላ ሻጯ ወይዘሮ መልሰውታል። የእሳቸውም ማጥፊያ ጓዳ ነው፣ አንተ ከሞትክ በኋላ ሌላ ሰው ያስገባላቸው። ሳጥኑ የበሬን መልክ ያበላሽብኛል ብለዋል አሉ። ነገ እኔ እሄዳለሁ። ስምህን ጠርቼ፣ ያልከውን እንዳልከው እነግራቸዋለሁ፣ የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። ባይሰሙኝ ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ። እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ያንተው የሺ