ስለ ሸሚዞቹ ብብትና ስለ ልጄ መታገድ

ለሆቴሉ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ቸሩ አምላክ ዕድሜዎን አርዝሞ፣ ወንበርዎን አጽንቶ፣ አፍንጫዎንም እስከ ዛሬ እንደ ጠበቀልዎ ሁሉ ከራስዎ ጠረን ሰውሮ ያቆይልዎ እያልሁ፣ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብሳችሁን ስታጥብ ኖራ፣ ባለፈው ሰኞ የአስተናጋጆችን ነጭ ሸሚዝ አበላሽታለች ተብላ የታገደችው ሴት አባት ነኝ። ትሰናበት ወይስ ትመለስ የሚለውን ሐሙስ ስለሚወስኑ፣ ምስጋናዬን አስቀድሜ ላድርስ።

አንደኛ፤ ልጄ ላብ የጠጣውን ሸሚዝ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፋ፣ ብብቱን በኮምጣጤ አርሳ፣ ገልብጣ ታሰጣው ነበር። እርስዎ በመሐረብ አፍንጫዎን ይዘው የእጥበት ክፍሉን በጎበኙባት በዚያች ብቸኛ ቀን፣ ኮምጣጤው ከረፋኝ ብለው ከለከሏት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትምህርት በአንድ እስትንፋስ ሻሩ፤ እኔ ምስኪኑ ግን መዝሙረ ዳዊትን ለመድገም እንኳ ስንት ዓመት ፈጀሁ።

ሁለተኛ፤ በምትኩ በረኪና አዘዙ። በረኪና የላብን እድፍ ይብሱን ቢጫ እንደሚያደርገው፣ ትኩስ ካውያም እንደሚያጣብቀው በትሕትና አስረዳችዎ። እርስዎም፣ «አንቺ እጠቢ፤ ማሰቡን ለእኔ ተዪው» አሏት። እርሷ አጠበች። የእርስዎን ድርሻ ግን እስካሁን በትዕግሥት እየጠበቅን ነው።

ሦስተኛ፤ ብብቱ የእንቁላል አስኳል በመሰለ ጊዜ ሽቶ አስረጩበት። እንግዶችዎም ጽጌረዳ የተነሰነሰበት በረት ውስጥ የተቀመጡ መስሏቸው፣ ምግባቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ ይባላል። ከዚህ በኋላ ነው ጥፋቱን በልጄ ስም ጽፈው በሚያምር ፊርማዎ ያጸደቁት።

ጲላጦስም በሕዝብ ፊት እጁን ታጥቧል። ለእርሱ እንኳ ልመስክርለት፤ እጁ አልጠራ ቢለው ውኃ ቀጂውን አልከሰሰም።

በየማለዳው በጸሎቴ ከጠላቶቼ ሁሉ አስቀድሜ የማነሣዎ፣
የእጥበት ሠራተኛዎ ሽማግሌ አባት

ግልባጭ፤
ለአስተናጋጆች ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከመታገዷ በፊት እንድታጥብልዎ የሰጧት የግል ሸሚዝዎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኮልዎታል። በከለከሉት ኮምጣጤ ታጥቦ ብብቱ ወተት መስሏል። ሐሙስ ሲፈርዱባት እርሱን ይልበሱ። እርስዎ ሲገቡ ሰዎች እንደ ልማዳቸው መስኮት ከከፈቱ ግን፣ ከእንግዲህ በሸሚዙ አያመካኙ።