ድኛለሁ ብዬ አልመሰክርም

ለውድ ወንድሜ ለሲሞን፤ ጅግጅጋ

ሲሞንዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ይዞህ የነበረው ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሲሚንቶ ስትሸከም ነው የምትውለው? ባለቤትህ አትክልትስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የእንጅባራ ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስገባ እጄን የፎቶ ኮፒው ማሽን ላይ አድርጌ ነው የማሞቀው። አክስታችን ምህረቴም ደኅና ናት፤ ድንቿን ኮትኩታ ጨርሳለች። ያስቸገረን ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

ባለፈው በስልክ ስናወራ ጆሮህ ላይ ዘግቼብሃለሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ኔትወርክ ነው ብዬ ላመካኝ አስቤ ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ ለማንም አልዋሽም ብያለሁና ካንተ ልጀምር። የዘጋሁት ተናድጄ ነው። «የሚሉሽን በያቸውና አግቢ፤ መድኃኒትሽን ደብቀሽ መዋጥ ያቅትሻል?» አልከኝ። አይ፣ አያቅተኝም። አሥራ ስምንት ዓመት ደብቄ ውጬ የለ? እንክብሌን የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጠህ፣ ሰው ከጠየቀሽ እንዲህ በይ ብለህ ያስጠናኸኝ አንተው ነህ። ለእኔ አስበህ እንደሆነም አውቃለሁ። አሁን ግን በቃኝ። በስልክ አላስጨርስ ስላልከኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልህ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የሰፈራችን ልጅ ባንተአምላክ ነው፤ እዚያው እናንተ ዘንድ ሥራ አግኝቷል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከጋብቻ በፊት የሁለቱንም የደም ምርመራ ወረቀት እንደሚጠይቅ ታውቃለህ። እጮኛዬ ዮናዳብ የእኔን ነገር በወረቀቱ የሰማ እንዳይመስልህ። ገና ስንቀራረብ፣ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብለን ነግሬዋለሁ። በሳምንቱ ሐኪም ቤት አብሮኝ ሄዶ፣ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ቫይረሱ በምርመራ እስካልታየ ድረስ ወደ እሱ እንደማይተላለፍ፣ ጤነኛ ልጅም መውለድ እንደምንችል ከባለሙያዋ አፍ ሰማ። ስንወጣ «እና ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ሆነሽ ነው እንቅልፍ ያጣሽው?» ብሎኝ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ወረቀታችንን ለጋብቻ ኮሚቴው ሰጠን። ሰብሳቢው ጋሽ ይኸነው ናቸው፤ ልጅ ሳለሁ መዝሙር ያስጠኑኝ። ምስጢር ይጠበቃል ተብሎ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ አወቀው። መጀመሪያ ከመዘምራን «ለጊዜው አረፍ በይ» ተባልኩ። ቀጥሎ እሁድ በኅብረት ምሳ ላይ ሰው ሁሉ በደኅናው ሳህን ሲበላ፣ ለእኔ ብቻ የሚጣል የላስቲክ ሳህን መጣልኝ። ያመጣችልኝ ሴት ዓይኔን ማየት አቅቷት ነበር። እኔ ግን በላሁ። ጨምሩልኝም አልኩ።

በማግሥቱ ጋሽ ይኸነው አስጠሩኝ። «ልጄ ርሆቦት፣ ጌታ ፈውሶሻል፤ የቀረው ያንቺ መቀበል ነው። እሁድ ወጥተሽ ድኛለሁ ብለሽ መስክሪ፤ መድኃኒቱንም አስረክቢ። ከዚያ እኔው ራሴ ቆሜ አጋባችኋለሁ» አሉኝ። ባላደርገውስ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ያለዚያማ ያንን ልጅ በምን ኅሊናዬ እሰጥሻለሁ?» አሉ። ዮናዳብን ማለታቸው ነው፤ እንደ ዕቃ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርህና ሁለት ቀን ሙሉ አንተ ያልከኝን ላደርገው ነበር። ቀሚሴ ተሰፍቶ አልቋል፤ ከዘመርኩበት ቤት መባረሩም ያስፈራል።

ከዚህ ያወጣችኝ ፀጋነሽ ናት። አታውቃትም፤ መዘምራን ውስጥ አጠገቤ የምትቆም፣ ገበያ ላይ ሰልባጅ የምትሸጥ ልጅ ናት። ባለፈው ጥቅምት እኔ የተጠየቅኩትን እሷም ተጠይቃ፣ መድረክ ላይ ወጥታ ድኛለሁ አለች፤ መድኃኒቷንም አስረከበች። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል አልኩ፤ የራሴን እንክብል ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ። ይኼን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል።

ከገና ወዲህ ፀጋነሽ አልታየችም። ዘመድ ጥየቃ ዳንግላ ሄዳለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ቢሆንም ምናልባት ተመልሳ ከሆነ ላማክራት ብዬ ቤቷ ሄድኩ። ዳንግላ አልሄደችም። በሯን ከውስጥ ዘግታ፣ አጥንቷ ወጥቶ፣ አፏ ቆስሎ ውሃ መዋጥ እንኳ ተስኗት ተኝታለች። ለምን ሐኪም ቤት እንዳልሄደች ስጠይቃት «ታምሜ ከታየሁማ እምነት የላትም ይሉኛል፤ የጌታን ስም አሰድባለሁ» አለችኝ። አልቅሼም ተቆጥቼም «ስሙን ያሰደበው ሌላ ነው፤ አንቺ ተነሺ» አልኳት። ዮናዳብ ባጃጁን በሯ ላይ አቁሞ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አወጣት። ጎረቤቱ ሁሉ እየወጣ ያየን ነበር። ይመልከት! ሆስፒታል ስንደርስ ቲቢም ይዟታል ብለው አስተኟት። እሷን አስተኝቼ ስመለስ የምናገረው ነገር ልቤ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር።

እሁድ ተጠራሁ። ጋሽ ይኸነው ፈገግ ብለው ማይኩን ሰጡኝ። «ርሆቦት ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ቫይረሱ ከተወለድኩ ጀምሮ በደሜ ውስጥ አለ። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም፤ በሽተኛም አይደለሁም። እግዚአብሔር ያቆመኝ በዚህ መድኃኒት ነው፤ አላስረክብም» አልኩና ብልቃጡን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ፀጋነሽ ሆስፒታል እንደተኛችም ተናገርኩ፤ እንድናገር ፈቅዳልኝ ነበር። ይኼኔ ማይኩ ጠፋ። ማን እንዳጠፋው አላየሁም። ግን እነሱው አሥር ዓመት ያሠለጠኑት ድምፅ ነው፤ ማይክ ምን ያደርግለታል? «እልል ያልንላት ሁላችን፣ ከዚያ ወዲህ ማናችን በሯን አንኳኳን?» ብዬ ጠየቅኩ። እልል ካሉት አንዷ እኔ መሆኔንም አልደበቅኩም። ድምፄ አልከዳኝም። ጋሽ ይኸነው «ውረጂ» አሉኝ። የጀመርኩትን ጨርሼ ወረድኩ።

ሰው ያጨበጨበልኝ እንዳይመስልህ። ገሚሱ ጥሎ ወጣ፤ ገሚሱ አንገቱን ደፋ። ሰኞ ሱቅ ስከፍት ደንበኛ ቀንሷል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮፒ ያደረግኩለትን ወረቀት በጫፉ ይዞ ሲወጣ «እጅህን መታጠብ እንዳትረሳ» አልኩት። ከመንገድ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ረቡዕ ደግሞ አንዲት እናት ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠብቀው ገቡና፣ በመሐረብ ቋጥረው የያዙትን እንክብል ፈትተው አሳዩኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲውጡት ባላቸው እንኳ አያውቁም። አብረን አለቀስን፤ ከዚያ ሳቅን። እስከ ዓርብ ሁለት ሌሎች መጡ። አሁን አራት ሆነን ፀጋነሽን እየተፈራረቅን እንጠይቃታለን። መድኃኒቷን ጀምራለች፤ ሾርባ ይወርድላታል። ትላንት «እሁድ ጮኸሽ ጮኸሽ ድምፅሽን አበላሽተሽዋል» ብላ ስትነቅፈኝ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አዳራሹን ከልክለውናል፤ ጋሽ ይኸነውም ሰላምታዬን አይቀበሉም። እኔ ግን ባገኘኋቸው ቁጥር ሰላም እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይፈሩ እንጂ እኔ የምሸሽበት ነገር የለም። ግንቦት አሥራ አምስት ማዘጋጃ ቤት እንፈርማለን፤ በማግሥቱ ቅዳሜ ድግሱ ዘንገና አክስታችን ግቢ ነው። ምህረቴ መከልከላችንን ስትሰማ «የእኔ ግቢ ጠበበ ወይ? ርሆቦት ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ ከአንድ ገበታ በልተናል፤ እኔ ምን ሆንኩ?» ብላ ተቆጣች። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኛ ጴንጤ፤ ግቢዋ ግን ሁላችንንም ይበቃል።

አንተም እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ፤ አባት ሆነህ ያሳደግከኝ አንተ ነህና ከጎኔ የምትቆመውም አንተ ነህ። ግን ስታንሾካሹክ ልትውል ከሆነ፣ ለሰው «ዝም በሉ» ልትል ከሆነ፣ ሲሞንዬ፣ እወድሃለሁ፤ እዚያው ቅር።

ዮናዳብ ሰላም ብሎሃል። ምህረቴ ዓይንህን ትስማለች። ብሥራትን ግንባሩን፣ ትንሹን እንየውን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ፤ አክስታችሁ ሙሽራ ልትሆን ነው በላቸው። ለአትክልት ደግሞ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እናታችን በወባ ሞተች ብለህ ነግረሃታል። እናታችን በወባ አልሞተችም። በኤች አይ ቪ ነው የሞተችው፤ ማንንም አልበደለችም፣ የሚደበቅ ነገርም አልሠራችም። ይኼን ደብዳቤ ለአትክልት ጮክ ብለህ አንብብላት።

እህትህ ርሆቦት
እንጅባራ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.