ፒካፕህን የሸጥኩበት ቅዳሜ

ውድ ዴልማር፣

ስልክ ብደውልልህ በቀልድ ጀምሬ በቀልድ እንደምዘጋው ስለማውቅ ነው ወረቀት የያዝኩት። ዕድሜዬን ሙሉ በምላሴ የኖርኩ አጫራች፣ ብዕር ስጨብጥ ላብ ላብ ይለኛል። ጆይስ ከማዶ ተቀምጣ ሹራቧን እየሠራች፣ "ጻፍለት እንጂ ሰውዬ፣ ወረቀቱ አይነክስህም!" ትለኛለች። ከዚያ ሐራጅ ወዲህ ሚስቴ በስሜ አትጠራኝም፤ "ሰውዬ" ሆኛለሁ። አልፈርድባትም።

አፍሬአለሁ፣ ዴልማር። ከዚህ በላይ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

ሚስትህ አርሊን ከሞተች በኋላም ወንድሟን ከርትን ከቤትህ አላስወጣኸውም። እንጨት ላምጣ ሲልህ የፒካፕህን ቁልፍ ሰጠኸው። አውራ ጎዳናው ላይ ፖሊስ ሲያስቆመው ከወንበሩ ሥር አንድ ከረጢት ክኒን ተገኘ፤ ፒካፗም እዚያው ተያዘች። አንተን የከሰሰህ ሰው የለም። ከርትንም ከስሰውት ነበር፣ በኋላ ክሱ ቀረለት። ለፒካፕህ ግን አልቀረላትም። ተከሳሿ እሷ ነበረቻ! የካንሳስ መንግሥት ከሳሽ፣ አንዲት ነጭ ፎርድ ተከሳሽ። ሰው ቢከሰስ ጠበቃ ይቆምለታል፤ ለመኪና ማን ይቆምላታል? አንተ በራስህ ገንዘብ ጠበቃ ልትይዝ ብትሄድ የጠየቀህ ከፒካፗ ዋጋ በለጠ። ቀጠሮው አለፈ፣ ዳኛውም ፒካፗ ተወርሳ እንድትሸጥ ለሸሪፉ ወሰነ።

ከሐራጁ በፊት አንድ ቀን ጠዋት ዋንዳ ምግብ ቤት ምን እንዳልኩ ታስታውሳለህ። ስለ ክሱ ሲወራ ዝም ማለት አቅቶኝ፣ "እስቲ ንገሩኝ፣ ፒካፗ ቃሏን ስትሰጥ የትኛውን ጎማዋን አንሥታ ነው የምትምለው?" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንተ በሩ አጠገብ ነበርክ። አላየሁህም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ አይቼሃለሁ። አፍህን ጠረግህ፣ ባርኔጣህን አደረግህ፣ ወጣህ።

አንተ ከወጣህ በኋላ የሆነውን ግን አታውቅም። ሸሪፍ ብሬኒክ ሳንድዊቹን አስቀምጦ ዞረብን።

"ሳቁ፣ ሳቁ! አዲሱ አምቡላንስ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከሰማይ ወረደ? የተወረሰ ንብረት ተሸጦ ነው! ዕፅ ሻጭ እስር አይፈራም። ንብረቱን ስትነካበት ነው የሚጮኸው።"

"ዴልማር ነው እንግዲህ ዕፅ ሻጩ?" አለች ዋንዳ የቡና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች።

"እኔ እንደዚያ አላልኩም። ንጹሕ ከሆነ ቀርቦ ያስረዳ።"

"ኧረ ባክህ! ነገ ሳህኖቼን ጭነህ ብትሄድ፣ ሌባ አለመሆኔን የማስረዳው እኔ ነኝ ማለት ነው? ብሬኒክ፣ እናትህ ይህን ብትሰማ ጆሮህን ነበር የምትቆነጥጥህ።"

ሁሉም ወደ እኔ አየ። የሸሪፉን ሐራጅ የማጫርተው እኔ ነኝ፤ ሥራውን የሚሰጠኝ ብሬኒክ ነው። "ሕግ ሕግ ነው" አልኩና እንቁላሌን መብላት ቀጠልኩ። ዋንዳ ከዚያ በኋላ ሲኒዬን አልሞላችልኝም።

አንተ ለዚህ አገር ምን እንደሆንክ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አጨዳ መሐል ማጨጃው የተሰበረበት ሁሉ የሚደውለው ላንተ ነው። የብየዳ ማሽኑን ከፒካፗ ጀርባ ላይ በገዛ እጅህ ነው የገጠምከው። የእኔን የከብት በር እንኳ በበረዶ ቀን መጥተህ በይደህልኛል፤ ስትጨርስም፣ "ይኸ በር ካንተ አፍ ይልቅ በደንብ ይዘጋል" ብለኸኛል። ያለዚያች ፒካፕ በያጅ አይደለህም፤ ቤቱ የተቀመጠ ሽማግሌ ነህ። ይህን እያወቅሁ ነው መድረኩ ላይ የወጣሁት።

የአባቴን ደንብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባንክ የሰውን እርሻ በሚነጥቅበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ተገዶ የሚሸጥ ሰው በራሱ ንብረት ላይ መጀመሪያ ዋጋ ከጠራ፣ ጎረቤት ሁሉ ላለመጫረት እጁን ኪሱ ይከታል። አጫራቹም መዶሻውን ቶሎ ይጥላል፤ ንብረቱ በርካሽ ለባለቤቱ ይመለሳል። ማንም አይጽፈው፣ ማንም አያወራው፤ እንዲሁ ይደረጋል። አባቴ መዶሻውን ሲሰጠኝ፣ "በሌላው ቀን እንደፈለግህ ለፍልፍ፤ በዚያ ቀን ግን አፍህን ዝጋ" ነበር ያለኝ።

ቅዳሜ ዕለት ከሸሪፉ ቢሮ ጀርባ ሰው ሞልቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የቼሪ ኬካቸውን ይሸጣሉ፣ ነፋሱ ባርኔጣ ያስሮጣል። ፒካፕህ ስትቀርብ አንተ ከፊት ቆመሃል፤ የእሑድ ሸሚዝህን ለብሰህ።

"መቶ ዶላር" አልክ።

ዓይኔ እያየ እጆች ሁሉ ኪስ ገቡ። የኬክ ሻጮቹ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ደበቁ። ሳል እንኳ አልተሰማም። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ሊሰጥህ የሚችለውን ሰጠህ፤ የቀረው የእኔ መዶሻ ብቻ ነበር።

እኔስ? "መቶ አለኝ፣ መቶ አለኝ፣ ሁለት መቶ የሚል! ኧረ ጎበዝ፣ ሞተሯ ብቻ ስንት ያወጣል! ማሽኑ ከነጀኔሬተሩ ነው! ተኝታችኋል እንዴ?" አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት። ከኋላ ከዊቺታ የመጣ የመኪና ነጋዴ ነበረ፤ ደንባችንን አያውቅም፣ ሰው ዝም ሲል ፒካፗ ብልሽት አለባት ብሎ ሊሄድ ወደ መኪናው ዞሮ ነበር። ስለ ሞተሯ ስለፈልፍ ተመለሰ። እጁን አነሣ። አንተ ጨመርክ፣ እሱ ጨመረ፣ አንተ ጨመርክ። ከዚያ አቅምህ አለቀና ጫማህን ማየት ጀመርክ፤ እኔም መዶሻውን ለነጋዴው ጣልኩ።

ለጆይስ "ልማድ ነው፤ ዝምታ ሲሆን አፌ ብቻውን ይሄዳል" አልኳት። እውነቱን ላንተ ልንገርህ፤ ልማድ ግማሹ ነው። ብሬኒክ ከጎኔ ቆሞ እጁን አጣምሮ ያየኝ ነበር፤ ሌላው ግማሽ እሱ ነው። የሚቀጥለው ሐራጅ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፣ ዴልማር። ሲለፈልፉ ስለኖሩ ደፋር መምሰል ቀላል ነው።

ሁሉ አልፎ አንድ ነገር ባታደርግ ኖሮ ምናልባት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሽያጭ ሲያልቅ ባለ ንብረቱ መጥቶ አጫራቹን ይጨብጣል። የዚያን ቀን ባለ ንብረት ተብዬው ብሬኒክ ነበር። አንተ ግን በሰው መሐል አልፈህ መጣህ፣ እጅህን ዘረጋህ፣ "ጥሩ ዋጋ አወጣህላት፣ ሎወል" አልከኝ። ምሬት ቢኖርበት፣ ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ከልብህ ነው ያልከው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ዊቺታ ሄጄ ነበር። ነጋዴው ማሽኑን ነቅሎ ለብቻ ሸጦታል፣ ፒካፗም ኦክላሆማ ገብታለች። ልመልስልህ አልቻልኩም። የሸሪፉንም የሐራጅ ሥራ ለብሬኒክ መለስኩለት፤ ይህን የምነግርህ እንድታመሰግነኝ አይደለም። ላንተ የፈየደው ነገር የለም።

አሁን የጻፍኩበትን ልንገርህ። በመጪው ወር ዋና ከተማችን ቶፒካ ላይ የካንሳስ ምክር ቤት በዚህ ሕግ ሊከራከር ነው። ባለቤቱ ሳይፈረድበት ንብረቱ አይወረስ የሚሉ አሉ፤ እነ ብሬኒክ ደግሞ የፖሊስን እጅ አትሰሩ ይላሉ። ዋንዳ መጥተህ እንድትመሰክር ስትለምንህ፣ "ስሜን ከክኒን ጋር በሰው ፊት አታንሡብኝ" እንዳልካት ነግራኛለች። ገብቶኛል። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ብረት ስትጠግን ኖረህ የቀረህ ስምህ ነው።

እኔ ልሂድና ልመስክር። አንተን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም፣ እሱን አገር ያውቀዋል። እኔ የሠራሁትን ልናገር፤ አንድ ሰው ሳይከሰስ ፒካፑ እንዴት እንደተሸጠች፣ ማን እንደሸጣት፣ ስንት እጅ ኪስ ውስጥ እያለ። ግን "የማን ፒካፕ?" ማለታቸው አይቀርም። ስምህን ካልጠራሁ የአጫራች ተረት ይመስላቸዋል። ስምህ ያንተ ነው፤ እሱንም ሳልጠይቅህ አልሸጠውም።

እሺ ካልክ ለዋንዳ አንድ ቃል በቂ ነው። ካልፈለግህ መልስ አትጻፍልኝ፣ አትደውልልኝ። ደግሜ አልጠይቅህም፣ በር ላይ መጥቼ አላግባባህም፣ በቀልድም አልሞክርህም። ቅዳሜ ዕለት ያገር ሰው ሁሉ ዝም ሲል አልሰማሁም ነበር። አንተ ዝም ካልከኝ፣ በዚህኛው ጊዜ ዝምታህን እሰማለሁ።

ያፈረው ጎረቤትህ፣
ሎወል