የእማማ እናኑ ክኒንና ጾም

አርብ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መርሳ

ጤና ጣቢያው በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ የስኳርና የደም ግፊት በሽተኞችን ለሦስት ሆነን በአንድ ደብተር እንከታተላለን። እኔ ነርሷ ቤት ለቤት እየዞርኩ እለካለሁ። ባለመድኃኒት ቤቱ ደሳለኝ የተረፈውን ክኒን ያካፍላል። ሹፌሩ ሞላ መኪናው ነዳጅ አጥታ ስለቆመች በእግሩ ያደርሳል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነብ ምንም አይሰጥም። ደሳለኝ ጽሑፍሽ አይነበብም ብሎ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ። ሥራችን ግን ጥሩ ነው።

ከትናንት ወዲያ ረቡዕ እማማ እናኑ ስኳራቸው ወርዶ ወደቁ። ደብተሩን ሦስቴ አገላበጥኩት፣ ስህተት የለበትም። ሲነቁ፣ ክኒኑን ምን በልተው እንደዋጡት ጠየቅኳቸው።

"በጾም ቀን በጠዋት ማን ይበላል? ክኒኑን ግን በሰዓቱ ውጫለሁ" አሉኝ፣ ኮራ ብለው።

ስለ ጾሙ ማናችንም አልጠየቅንም። ረቡዕና አርብ የምጾመው እኔ ራሴ እንኳን አልጠየቅኩም።

ዛሬ ጠዋት የንስሐ አባታቸውን ይዤ ሄድኩ።

"እናኑ ልጄ፣ ለታመመ ተፈቅዷል። ከክኒኑ በፊት ቁርስሽን ብዪ፤ ለምን በላሽ የሚልሽ ቢኖር እኔ እመልስለታለሁ" አሏቸው። እማማ እናኑ ፊታችን ቂጣቸውን በሉ።

ስንወጣ ደብተሩን አወጣሁና፣ "አባ፣ አራተኛ ይሁኑልን፤ ስምዎን ከእኛ ጋር ልጻፈው?" አልኳቸው።

"ጻፊው" አሉ። ከዚያም ደብተሩን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ "በበሽተኞቹም ገጽ ጻፊኝ። ስኳር ከያዘኝ አምስት ዓመቴ ነው። እኔን ብላ የሚለኝ ማን አለ?"